የአቃቂን ውሃ ሁለት ጊዜ መጠጣት

በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ያፏጫል፤ ከዚያ ሁለት ሦስቴ ያስልና ቡናማ ነገር ይተፋል። ባለቤቴ ፉጨቱን ስትሰማ ተነስታ ጀሪካን ትደቅናለች። የግቢያችን ሴቶች የመጀመሪያውን ድፍርስ ለሽንት ቤት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ለልብስ፣ ጠርቶ የወረደውን ለመጠጥና ለወጥ ይቀዳሉ። ማንም አላስተማራቸውም። እኔ ለዓመታት ያንን ፉጨት እንደ ምሥራች ብቻ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሌላም ወሬ እንደሚነግር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ አዲስ አበባ ውሃ ሲወራ የሚነሳው እጥረቱ ነው። ፈረቃው፣ የቦቴው ዋጋ፣ ሮቶ ያለውና የሌለው። ጥራቱ የሚነሳው አተት ገባ ሲባል ነው፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ወሬውም ያልፋል። ሁለቱ ጉዳዮች ግን አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ቦታውም አቃቂ ይባላል።

አቃቂ ሲባል ብዙዎቻችን አፍንጫ የሚያስይዘውን ወንዝ ወይም ፋብሪካዎቹን እናስባለን። አቃቂ ግን ተፋሰስ ነው፤ ስፋቱ ወደ 1,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ እንጦጦን፣ ወጨጫን፣ የሰንዳፋን ሜዳና ከተማዋን በሙሉ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የሚያስቀምጥ። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ ወርደው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ጉዟቸው ወደ አዋሽ ነው። አሁን የከተማዋን የመጠጥ ውሃ ግድቦች በዚህ ካርታ ላይ አስቀምጧቸው። ገፈርሳ የትንሹ አቃቂ ራስጌ ላይ ነው። ለገዳዲና ድሬ የትልቁ አቃቂ ራስጌ ላይ ናቸው። በግርጌው፣ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ወገቡ ላይ ያለነው እኛ ነን። ውሃውን ከራስጌው እንጠጣዋለን፣ ወገቡ ላይ እናቆሽሸዋለን፣ ከግርጌው ደግሞ ቆፍረን እንደገና እንጠጣዋለን። የከተማዋ የውሃ ነገር ሲጨመቅ ይኸው ነው።

እንዲህ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ በቧንቧ ወደ ግቢ ሲያስገቡ ምንጩ ቅርብ፣ ጠጪውም ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ገፈርሳ ተገደበ። በ1970 ወደ 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ለገዳዲ ተከተለ፤ በ1999 ደግሞ 19 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዘው ድሬ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ስትሰፋና ፎቅ በፎቅ ስትሆን አዲስ ግድብ አልመጣላትም። ገርቢና ሲቢሉ የሚባሉት፣ በሱሉልታ በኩል ውሃቸው ወደ ዓባይ በሚወርድ ወንዞች ላይ የታሰቡት ግድቦች፣ ስማቸው በየእቅዱ እየተደጋገመ ቀርቷል። ከተማዋ መሬት መቆፈሩን መረጠች። ዛሬ ከምንጠጣው ከግማሽ በላዩ የጉድጓድ ውሃ ነው።

መጀመሪያ ስለ ራስጌው። በሐምሌ ወደ ለገዳዲ የሚገባውን ውሃ ያየ ሰው ማኪያቶ ይመስለዋል። ምክንያቱን የአካባቢው ገበሬ በቀላሉ ሊነግራችሁ ይችላል። ጤፍ የሚዘራ መሬት ደጋግሞ ታርሶ መላም አለበት፤ የሚዘራውም ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ የክረምቱ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ማሳው ባዶውን፣ አፈሩም እንደ ዱቄት የላመ ሆኖ ይጠብቀዋል። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት የሚወርድ መሆኑን አስቡት። ጎርፉ ያንን አፈር ጠርጎ ግድብ ውስጥ ይጨምረዋል። የሸክላ አፈሩ ቅንጣት ደግሞ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ለሳምንታት ቢያስቀምጡትም በራሱ አይዘቅጥም። ማጣሪያ ጣቢያው አሉም ይጨምርበታል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይከብዱና ይዘቅጣሉ፤ ከዚያ በአሸዋ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት ወደ ከተማ ይላካል። ጭቃው በበዛ ቁጥር ኬሚካሉ ይበዛል፣ አሸዋው ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይኖርበታል፣ ወጪው ይንራል። ለጤናም ቢሆን ጭቃ መለስተኛ ችግር አይደለም፤ ተሐዋስያን ከቅንጣቱ ጀርባ ተሸሽገው ከክሎሪኑ ያመልጣሉ። ደለሉም በየዓመቱ የግድቡን ሆድ ይሞላል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ እርከን፣ የሣር ክልል፣ የወንዝ ዳር ዛፍ፣ ያልተነካ ጨፌ። የማይታወቀው ከፋዩ ነው። የሰንዳፋ ገበሬ ከማሳው ጥግ ላይ ሁለት እርምጃ ለሣር ልቀቅ ሲባል የሚያጣው የራሱን ጤፍ ነው፤ ጥሩ ውሃ የሚያገኘው ደግሞ ቦሌ ያለ ሰው ነው። ይህን ሒሳብ ሌሎች ከተሞች ተቀምጠው ሠርተውታል። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1997 ከካትስኪል ተራሮች ነዋሪዎች ጋር ተስማምታ፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚፈጅ ማጣሪያ ከመገንባት ለላይኞቹ ገበሬዎች መክፈል ይሻላል አለች። ይህ ለሀብታም አገር ነው የሚል ካለ ናይሮቢ ቅርብ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የላይኛው ታና የውሃ ፈንድ አቋቁማ (ስሙ የእኛን ጣና ቢመስልም የኬንያ ወንዝ ነው) የታችኞቹ ተጠቃሚዎች ገንዘብ ለላይኞቹ ገበሬዎች እርከንና ችግኝ እንዲውል አድርጋለች። እኛ ዘንድ በራስጌውና በወገቡ መካከል የክልልና የከተማ አስተዳደር ድንበር አለ። ጎርፉ ግን ድንበሩን አያውቀውም።

ይህ ድንበር ምን ያህል ጠባሳ እንዳለው ለማስታወስ የሰንዳፋው የቆሻሻ መጣያ ይበቃል። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችን ተበከለ፣ ከብታችን ታመመ ብለው ተነሡ፤ ወራት ሳይቆይ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ነባሩ መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የምናነበው እንደ ቆሻሻ አያያዝ ጉዳይ ነው። እኔ ግን የተፋሰስ ታሪክ አድርጌ ነው የማነበው፤ ከተማዋ ጥራጊዋን ወደ ውሃ መቅጃዋ አቅጣጫ ወስዳ ልትደፋ የሞከረችበት።

ስለ ወገቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁላችንም ድልድይ ተሻግረናል። ትንሹ አቃቂ በኮልፌ፣ በመካኒሳ፣ በቃሊቲ ሲወርድ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ የጋራዥ ዘይት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ዓይነ ምድር ይገባበታል። እዚህ ላይ ፋብሪካን ብቻ መውቀስ ይቀለናል፤ ሆኖም ከጓሯችን ወደ ቦይ የተለቀቀችው ቱቦ የማን ናት? ክረምት ሲገባ ጎርፍ ተገን አድርጎ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ የሚለቅ ሰው በየሰፈሩ አለ። መጣጭ መኪና ማስመጣት ገንዘብ ነው፣ ዝናብ ግን ነጻ ነው።

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብም ለነባር ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን እንዲያስተካክሉ አምስት ዓመት ሰጥቷቸው ነበር። አምስቱ ዓመት ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ ወንዙን ሄዳችሁ እዩት። በጎውን ላለመደበቅ፣ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራው አዲሱ የቃሊቲ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቋል፤ ከዚያ በፊት የነበረው የአሥሩን አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ነበር። የወንዝ ዳርቻ ልማቱም ብዙ ቦታ ቆሻሻውን ገፍቶ ዛፍና መናፈሻ አምጥቷል። ግን ጣቢያ የሚያጣራው በመስመር የደረሰውን ብቻ ነው፤ ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘ ቤት እስካለ ድረስ፣ ዳር ዳሩ ያማረ ወንዝ መሐሉን ያው ሊሆን ይችላል። መናፈሻ ለዓይን ነው። ለውሃው የሚጠቅመው ከመናፈሻው ሥር የሚያልፈው ቱቦ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወንዙ ወደ ግርጌው ይደርሳል። በመንገዱ የቆስጣና የሰላጣ ማሳ ያጠጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፍስሃ ኢታና በከተማዋ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያሉ ብረቶችን ለክተው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ በጾም ወቅት ቆስጣ የሚገዛ ሰው ግን ቅጠሉ ከየትኛው ወንዝ እንደጠጣ አይጠይቅም። የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ ለአሥርት ዓመታት ደለልና አረም ውጦት ከርሞ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋቱን ማመንጨት ጀምሯል። መብራቱ ቢመለስም የሚገባበት ውሃ ያው የከተማዋ እጣቢ ነው።

የአቃቂ ጉድጓዶች ያሉት በዚሁ አካባቢ ነው። ከመሬቱ በታች ያለው አለት እሳተ ገሞራ የተፋው፣ የተሰነጣጠቀና ቀዳዳ የበዛበት ነው። ብዙ ውሃ የሚሰጠን ይኸው ቀዳዳነቱ ነው፤ ከላይ የፈሰሰውንም የሚያስገባው እሱው ነው። ጥልቅ ጉድጓዶቹ በጥቅሉ ጥሩ ውሃ ይሰጣሉ፤ ጥልቀታቸው ጠብቋቸዋል። መሐል ከተማ ውስጥ ያሉ ምንጮችና አጫጭር ጉድጓዶች ግን ምን እየመጣ እንደሆነ አስቀድመው ነግረውናል። የጂኦሎጂ ተመራማሪው ታምሩ ዓለማየሁና ሌሎችም በተደጋጋሚ የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ናይትሬት እየጨመረ ነው፣ ምንጩም የሽንት ቤትና የፍሳሽ ስርገት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለናይትሬት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ናይትሬት አይሸትም፣ አያደፈርስም፣ ቢያፈሉትም አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበረታል። ወንዝ ቢበከል ምንጩን ዘግቶ ጥቂት ክረምቶችን መጠበቅ ይቻላል። የከርሰ ምድር ውሃ ከተበከለ ግን ለማጥራት የአንድ ትውልድ ዕድሜም ላይበቃ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፣ ከሽታው ይልቅ።

አሁን ወደ ፉጨቱ።

ከለገዳዲም ይምጣ ከአቃቂ፣ ውሃው ከጣቢያው ሲወጣ ንጹሕ ነው እንበል። ቧንቧው ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሆኖ ቢውል ኖሮ ውስጡ ያለው ግፊት ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ስንጥቅ እንኳ ቢኖር ውሃ ይወጣል እንጂ ቆሻሻ አይገባም። በፈረቃ ሲዘጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዳገት ላይ ያለው ቧንቧ ባዶ ሲሆን ይስባል። በአፈር ውስጥ ጎን ለጎን የተቀበረው የፍሳሽ መስመር የሚያፈስ ከሆነ፣ የሚሳበው እሱ ነው። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ አየሩን እየገፋ ይመጣል፤ ፉጨቱ ያ ነው። ቡናማው ደግሞ ቧንቧው በባዶነቱ ጊዜ የሰበሰበው። ከሚመረተው ውሃ ሲሶ ያህሉ ቆጣሪ ሳይደርስ ይጠፋል ሲባል እንሰማለን፣ እንደ ብክነት ብቻም እንቆጥረዋለን። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ግን በፈረቃው ሌሎች ቀናት መግቢያ ነው። እጥረትና ጥራት የሚገናኙት እዚህ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያገኝ ሰፈር የሚደርሰው መጠኑ ያነሰ ብቻ አይደለም፤ ጥራቱም ያነሰ ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሕዝቡ እጅ ታጠቡ ሲባል፣ የሚታጠብበት ውሃ ፈረቃው ያልደረሰው ሰው ስንት ነበር?

ሮቶውም አለ። ጣሪያ ላይ ፀሐይ እየመታው፣ ክዳኑ ተሰብሮ፣ ከተገዛ ጀምሮ ታጥቦ የማያውቅ ሮቶ በየግቢው ሞልቷል። የእኛን ከአራት ዓመት በኋላ ስንከፍተው ከሥሩ አንድ ጣት የሚያህል ጭቃ አወጣን፤ የለገዳዲ ጤፍ ማሳ ይሆናል ብዬ ቀለድኩ፣ ማንም አልሳቀም። በክሎሪን የመጣ ውሃ እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ቀናት ሲቆይ ክሎሪኑ ይሞታል። አማራጭ የሌለው ሰው ያፈላዋል፣ ወይም ከፋርማሲ ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ገዝቶ ይጨምርበታል፤ ያለው የታሸገ ውሃ ያስጭናል። የላስቲክ ጠርሙሱ ደግሞ ተመልሶ የት እንደሚሄድ አቃቂ ድልድይ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ግድብም ጉድጓድም የሚያስቆፍር አይደለም። በየወሩ በሚደርሰኝ ሒሳብ ላይ ስንት ኪዩብ እንደተጠቀምኩና ስንት ብር እንዳለብኝ ተጽፏል። ከዚያው ሥር ሦስት መስመር ይጨመርልን፦ በዚህ ወር በሰፈራችሁ ቧንቧ የተገኘው የክሎሪን መጠን ይህን ያህል ነው፣ ውሃችሁ የመጣው ከዚህ ጉድጓድ ወይም ከዚያ ግድብ ነው፣ ናይትሬቱም ይህን ያህል ነው የሚል። ሰው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ስሙን ሲያውቅ ስለ ሰንዳፋ ማሳና ስለ ጓሮው ቱቦ ያለው አስተያየት ይለወጣል ብዬ ስለማምን ነው። እስከዚያው፣ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ሌሊት ቧንቧችሁ ካፏጨ የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ሮቶው አታስገቡት።