ገንዘብ ያዥ ሆነው ተመርጠዋል? ይህችን ፎርም አይርሱ

ሱቁን ዘግቶ ወይም ታክሲውን አቁሞ ለኮሚኒቲ ማኅበር ስብሰባ የሚመጣ ሰው «ንግድ ያውቃል» ተብሎ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ይመረጣል። ሒሳቡን በሚገባ ይዞ፣ ደረሰኙን ቆርጦም እንኳ ማኅበሩ በአንዲት ፎርም ምክንያት መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ 501(ሲ)(3) ተብሎ ከግብር ነፃ የሆነ ማኅበር ግብር ባይከፍልም በየዓመቱ ለአይ.አር.ኤስ. ማሳወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሕግ መሠረት ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላሳወቀ ማኅበር መብቱ ወዲያው ይሰረዛል። በ2011 የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወጣ 275,000 ያህል ድርጅቶች ተሰርዘው ተገኙ። አብዛኞቹ የፈረሱ ናቸው ቢባልም በሥራ ላይ ያሉም ነበሩባቸው።

መብቱ ለተሰረዘ ማኅበር የሚሰጥ መዋጮ ለሰጪው ከግብር ተቀናሽ አይሆንለትም። መብቱን ለማስመለስም እንደገና ማመልከትና መክፈል ግድ ነው።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ዓመታዊ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር 990-ኤን የተባለችውን አጭር ፎርም በኢንተርኔት በነፃ ይሞላል። ከዚያ በላይ ገቢ ያለው ረዘም ያለውን ይሞላል። የሒሳብ ዓመቱ ዲሴምበር 31 ለሚዘጋ ማኅበር የማስገቢያው ቀን ሜይ 15 ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ይህ ግዴታ የለባቸውም።

ፎርሟ በብዛት የምትረሳው አመራር ሲለወጥ ነው። ደብዳቤው ወደ ቀድሞው ገንዘብ ያዥ ቤት ይሄዳል፤ አዲሱ አያውቅም። ስለዚህ ሥራውን ሲረከቡ ከቼክ ደብተሩ ጋር ያለፈው ዓመት ፎርም መግባቱን የሚያሳየውን ማረጋገጫም ይጠይቁ።