ዐጻዌ ኆኅት በኮምፒዩተር ደጃፍ

ፋየርዎል የሚባለው የኮምፒዩተር ዘብ ስሙን የወረሰው ከግንበኞች ነው፤ በአንዱ ቤት የተነሣ እሳት ወደ ጎረቤቱ እንዳይዛመት በመካከል የሚቆመው ግንብ በእንግሊዝኛ በዚሁ ስም ይጠራልና፣ የሣር ክዳን ቤቶች ተጠጋግተው ሲቃጠሉ ያየ የእብናት ሰው ምሥጢሩን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ግብሩ ከስሙ የተለየ ነው። ግንብ የመጣውን ሁሉ ያግዳል እንጂ አይመረምርም፤ ይህ ግን ከወዴት መጣህ፣ ወደ ማንስ ትሄዳለህ ብሎ ጠይቆ አንዱን ያስገባል፣ ሌላውን ይመልሳል። ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚዎች የሲራራ ነጋዴ በቅሎውን አቁሞ ቀረጥ ይከፍልበት የነበረውን በር አስበው ኬላ ብለውታል። እኔ ግን በቤተ ክርስቲያን መዓርግ ከመዘምራንና ከአናጉንስጢሳን ጋር የሚቈጠረውን፣ የሚገባውን ከማይገባው ለይቶ ደጁን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዐጻዌ ኆኅትን ባሰብሁ ጊዜ፣ ይህ ስም ይልቅ በተስማማው ነበር እላለሁ፤ ኬላስ ቀረጡን ለከፈለ ሁሉ ያሳልፋል።

ወደ ኮምፒዩተር የሚመጣ መልእክት ሁሉ ተቈራርሶ፣ በየቁራጩም ላይ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ አድራሻና የሚገባበት በር ቁጥር ተጽፎበት ይደርሳል፤ የበሮቹም ቁጥር ከ0 እስከ 65,535 ነው። ፋየርዎሉ ይህን ጽሕፈት አንብቦ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ከውስጥ ለላከው ጥያቄ የመጣ መልስ እንደሆነ ያስገባዋል፣ ሳይጠራ የመጣ እንደሆነ ግን ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር ከደጅ ይመልሰዋል። ባለቤቱ ራሱ ጋብዞ ያስገባውን፣ ለምሳሌ በኢሜይል ተያይዞ መጥቶ በገዛ እጁ የከፈተውን ቫይረስ መያዝ ግን የእርሱ ሥራ አይደለም።

ዘብ የሌለው ደጅ ምን እንደሚያገኘው በነሐሴ 1995 ዓ.ም. ታይቷል። ብላስተር የተባለው ትል ባለቤቱ አንዳች ነገር ሳይነካ በ135ኛው በር እየገባ፣ ኮምፒዩተሮችን እያጠፋ ሲያስነሣ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የራሱ ፋየርዎል ነበረው፤ ነገር ግን ከፋብሪካው ተዘግቶ ይወጣ ስለ ነበር ዘቡ ከደጁ ሳለ እንደ ተኛ ቀረ። ማይክሮሶፍትም በ1996 ዓ.ም. ማብቂያ ባወጣው ማሻሻያ ፋየርዎሉ ከመጀመሪያው የተከፈተ እንዲሆን አደረገ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ደግሞ ዋናክራይ የሚሉት በ445ኛው በር ገብቶ የሰውን ፋይል እየቈለፈ ቤዛ ጠየቀበት፤ ከ150 በሚበልጡ አገሮችም ተዛመተ።

እንግዲህ ለቤት ኮምፒዩተር የትኛው ይመረጥ ለሚል፣ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ይበቃል ባይ ነኝ። ተጨማሪ ሆነው የሚሸጡት የሚበልጡበት አንዱ ነገር፣ የዊንዶውሱ ካልተከለከለ በቀር ዝም ብሎ የሚያሳልፈውን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ መልእክት ሁሉ እያስቆሙ መጠየቃቸው ነው፤ ነገር ግን በየደቂቃው ይለፍ ወይስ ይከልከል እያለ የሚነዘንዝ ዘብ ባለቤቱን አሰልችቶ ለሁሉም እሺ ማሰኘቱ አይቀርም። ይህስ ይሁን፤ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያላገኘ ወጣት ከወዳጁ ፍላሽ ላይ የተሰበረውን፣ ክራክ የሚሉትን፣ ቀድቶ ሲጭን ማየት ያሳዝናል፤ ዘብ ቀጠርሁ ብሎ ሌባ አስገባ።

ፍላሽ በደጅ ሳይሆን በመስኮት የሚገባ ነውና ፋየርዎል አያየውም፤ ስለዚህ ከኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት የተመለሰ ፍላሽ አስቀድሞ በጸረ ቫይረስ ይመርመር። ከሆቴል ወይም ከካፌ ዋይፋይ ጋር ሲገናኙም፣ በዚያው መረብ ላይ ያሉት ሁሉ እንግዶች ናቸውና፣ የመረቡ ዓይነት ፐብሊክ በሚለው ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። በመጨረሻም ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ከፍተው፣ ፋየርዎል ኤንድ ኔትወርክ ፕሮቴክሽን በሚለው ገጽ ውስጥ ካሉት ሦስቱ መስመሮች በእያንዳንዱ ሥር ፋየርዎል ኢዝ ኦን የሚል ጽሕፈት ካገኙ፣ ዘቡ በሥራው ላይ ነው፤ የሚከፈልም ገንዘብ የለም።