ስንዴ፣ ብድርና ምርመራ፦ የአሰላ ተማሪዎች የሚማሩት ሂሳብ

ማኅበራዊ ሳይንስን የሚመርጥ ብዙ ተማሪ በልቡ አንድ ተስፋ ይይዛል፤ ከሂሳብ መገላገል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ገና በፍሬሽማንነቱ የሚሰጠው ሞጁል «ሂሳብ ለማኅበራዊ ሳይንስ» ይላል። የተፈጥሮ ሳይንሱም ተማሪ የራሱ ሞጁል አለው። ከሂሳብ ያመለጠ የለም፤ የሚለያየው የሚማሩት የሂሳብ ዓይነት ነው።

የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ይህን ለማየት ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን ችሎ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሲሆን፣ ግብርና፣ ጤና፣ ቢዝነስ፣ ሕግና መምህርነት የሚያጠኑ ተማሪዎች በአንድ ተቋም ይገናኙበታል። መቀመጫው አሰላ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ በስንዴና በገብስ አገር መካከል ነው።

የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ ለሁለቱም ወገን ሎጂክ፣ ስብስብና ፈንክሽን የጋራ ሆኑ። ከዚያ መንገዱ ይለያያል። የተፈጥሮ ሳይንሱ ወደ ኮምፕሌክስ ቁጥሮችና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ያመራል፤ ማኅበራዊው ማትሪክስንና የካልኩለስ መግቢያን ይማራል። የሎጂኩን ምዕራፍ ብዙ ተማሪ ለሚድ ሸምድዶ ይረሳዋል። ለሕግ ተማሪ ግን ከዚያ ሞጁል ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። «ከሆነ… ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገለበጥ እውነትነቱን ሊያጣ እንደሚችል ያልለየ ሰው አንቀጽ ሊተረጉም አይችልም።

ሂሳብ በአርሲ መሬት ላይ ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በግብርና ነው። ኮርሱ ባዮሜትሪ ይባላል፤ ለእርሻ ሙከራ የሚውል ስታትስቲክስ ነው። ከአሰላ ብዙ ሳይርቅ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ከተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ሽማግሌዎች እስካሁን «ካዱ» ከሚሉት፣ ይመዘዛል። እዚያ የአዳዲስ የስንዴ ዝርያዎች ምርት ይነጻጸራል። ንጽጽሩ ቀላል ይመስላል፤ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ መመዘን። ነገር ግን የአርሲ መሬት ተዳፋት ነው። አንዱ ዝርያ አፈሩ በወፈረበት ታች፣ ሌላው በሳሳበት ላይ ከተዘራ ሚዛኑ የሚያሳየው የአፈሩን ልዩነት ነው፤ ስለ ዘሩ የሚነግረን ነገር የለም።

ለዚህ መላ ያበጀው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ሮትሃምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ያዳበረውን ዘዴ የአሰላ ተማሪ ዛሬ ይማረዋል። መሬቱ አፈሩ እርስ በርሱ በሚመሳሰልባቸው ብሎኮች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ሁሉም ዝርያዎች ይዘራሉ፤ የትኛው የትኛው ፕሎት ላይ እንደሚወድቅ በዕጣ ይወሰናል። ከዚያ አኖቫ የሚባለው ስሌት የብሎኩን ልዩነት ከዝርያው ልዩነት ይለያል፤ የዝርያዎቹ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነም ይመዝናል። ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር አይደለም። ገበሬው ተማምኖበት የነበረው ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2013 በግንድ ዋግ ሲመታ፣ በሽታውን የሚቋቋም ምትክ የመምረጡ ሥራ በእንዲህ ያለ ስሌት ላይ ይቆማል። ስሌቱ ከተሳሳተ ዕዳው የገበሬው ጎተራ ላይ ነው።

ወደ ጤና ኮሌጅ ስንሻገር ባዮስታትስቲክስ እናገኛለን። የሚያስተምረው አንድ ነገር ብዙ አስተዋይ ሰዎችን ያስታል። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ አንድ በሽታ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 90 ከመቶውን ያገኛል፤ ከጤነኞቹም 90 ከመቶውን በትክክል ነጻ ይላል። ጥሩ ምርመራ አይደለም? እናስላው። ከ10ሩ ሕመምተኞች 9ኙ ይገኛሉ። ከ990ው ጤነኞች ግን 99ኙ በስህተት «በሽታው አለባችሁ» ይባላሉ። ስለዚህ አለባችሁ ከተባሉት 108 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 9 ብቻ ናቸው፤ ከ12 አንድ። ይህን ያልተማረ ሐኪም ጤነኛን በከንቱ ያስጨንቃል፤ ያለ አበሳው መድኃኒት ያስውጣል።

በቢዝነስ ትምህርት ደግሞ የወለድ ሂሳብና ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ይቀርባሉ። በዓመት 15 ከመቶ የሚታሰብበት የ50,000 ብር ብድር በቀላል ወለድ በሦስት ዓመት 72,500 ብር ይሆናል፤ ወለዱ ወለድ ሲወልድ ግን 76,043 ብር ከ75 ሳንቲም ይደርሳል። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ደግሞ መሬቱ፣ ማዳበሪያውና ጉልበቱ የተወሰነ ገበሬ ምን ያህሉን ስንዴ፣ ምን ያህሉን የቢራ ገብስ ቢዘራ ትርፉ እንደሚበልጥ ማስላት ይችላል። የብቅል ፋብሪካ ባለባት አሰላ ይህ የየዓመቱ ጥያቄ ነው።

ሂሳብን ዋና ትምህርቱ ያደረገው ተማሪ መንገዱ ረጅም ነው፤ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ የቁጥር ቲዎሪ፣ ሞደርን አልጀብራ። እሱ የሚማረው የሂሳብን እውነት ማረጋገጥን (ፕሩፍን) ነው። ሌሎቹን ሁሉ የሚያስተምረውም ነገ እሱ ነው፤ ሸክሙም ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በተጀመረው የሬሜዲያል ፕሮግራምም ሂሳብ ለሁለቱም ወገን ግዴታ ሆኗል።

እነዚህን ኮርሶች የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ የሞጁሉን ምሳሌ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጎን አድርጋችሁ የቁሉምሳን ፕሎት፣ የሆስፒታሉን ምርመራ፣ የገበሬውን ብድር ወደ ክፍል አምጡ። ተማሪው «ይህ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልሱ ከግቢው በር ብዙ አይርቅም።