የተሰበረው ሲኒ ስንት ያወጣል?

ዛሬ ወደ አገር ቤት ዕቃ ለምትልኩ ሁሉ የሚጠቅም ታሪክ ይዘን ቀርበናል።

አንዲት እህታችን በእረፍት ቀኗ ሲን ኤል ፊል ወደሚገኘው የእሑድ ገበያ እየሄደች አሮጌ የቡና ሲኒዎችን አንድ በአንድ ትሰበስብ ነበር። በአራት ዓመት ስድስት ሞሉላት፤ በጠቅላላው 150 ዶላር አወጣችባቸው። ለእናቷ ማስታወሻ እንዲሆኑ ብላ ዶራ አካባቢ ባለ የካርጎ ቢሮ በኩል በአውሮፕላን ላከቻቸው። ያሸጉትም የቢሮው ሠራተኞች ነበሩ። አዲስ አበባ ደርሶ ካርቶኑ ሲከፈት ግን አራቱ ተሰባብረዋል። ቢሮው «ለሚሰበር ዕቃ አንጠየቅም፤ 20 ዶላር እንስጥሽ» አላት። እያለቀሰች ወደ እኛ መጣች።

ሕጉን አብረን ተመለከትን። ሊባኖስም ኢትዮጵያም የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናቸው። በዚህ ስምምነት መሠረት በአየር ጭነት ላይ ለደረሰ ጉዳት አጓጓዡ ይጠየቃል፤ «አንጠየቅም» የሚል ጽሑፍም ከኃላፊነት አያድነውም። ጉዳቱ የደረሰው ላኪው ራሱ በደንብ ባለማሸጉ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። አቤቱታው ዕቃው በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ካሣውም ጣሪያ አለው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ኪሎ 26 ኤስ.ዲ.አር. ነው፤ ይህም የዓለም የገንዘብ ድርጅት መቁጠሪያ ሲሆን አንዱ ከ1 ዶላር ጥቂት ይበልጣል። የእህታችን ካርቶን 3 ኪሎ ስለነበር ጣሪያው 78 ኤስ.ዲ.አር.፣ ማለትም 100 ዶላር ገደማ ሆነ።

ደግነቱ፣ ወንድሟ ካርቶኑን በከፈተ ዕለት ፎቶግራፍ አንሥቶ ደብዳቤ አስገብቶ ነበር። ችግሩ የዋጋው ማስረጃ ነው፤ የእሑድ ገበያ ደረሰኝ አይሰጥም። በብስጭት «300 ዶላር ነው ብልስ?» አለችን። «እህቴ፣ አንድ ውሸት ከተገኘብሽ እውነቱንም አያምኑሽም» አልናት። ኋላ ከሻንጣዋ አንድ ደብተር አወጣች። እያንዳንዱን ሲኒ የገዛችበት ቀንና ዋጋ ተጽፎበታል። የአራቱ ዋጋ ተደምሮ 95 ዶላር መጣ። ደብተሩን፣ ፎቶግራፉንና የጭነት ወረቀቱን ይዘን አብረናት ሄድን። ሦስት ጊዜ ካመላለሷት በኋላ 95ቱን ከፈሏት።

ስድስቱም ተሰብረው ቢሆን ኖሮ ግን ጣሪያው 150ውን አይሸፍንም ነበር። ስለዚህ ከኪሎው ይልቅ ዋጋው የሚከብድ ዕቃ ስትልኩ፣ ትክክለኛ ዋጋውን በጭነት ወረቀቱ ላይ አስመዝግቡ፤ ተጨማሪ ክፍያ ቢጠየቅም ጣሪያው በዚያ ልክ ከፍ ይላል። ሳታሽጉ ፎቶግራፍ አንሡ። ተቀባዩም ሳይከፍት «በደህና ደረሰኝ» ብሎ አይፈርም። በመርከብ የሚላክ ዕቃ በሌላ ሕግ ስለሚዳኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የቀሩት ሁለት ሲኒዎች በእናቷ ረከቦት ላይ ተቀምጠዋል። እህታችንም ደብተሯን ይዛ ወደ እሑድ ገበያ ተመልሳለች። የላባችሁን ዋጋ የምትጽፉበት ደብተር ከእጃችሁ አይለይ።