የተሰበረ አጥንት ጊዜም ሸክምም ይፈልጋል

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ሁምቦ ጠበላ የሚወርደውን፣ ወደ ቦዲቲና ወደ አረካ የሚወስደውን መንገድ እግረኛ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ጋሪና አይሱዙ ይጋሩታል። በእግሩ ፔዳል እየመታ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው በባለሞተሮቹ ሁሉ መካከል መከላከያው ቆዳው ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ከሚያስበው በላይ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ባለሳይክል የሚሸከመው ጉልበት ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ ወድቆ መሬት ሊነካ ከደረሰ ሰው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ፍሬን ካልያዘ ወይም ጎማው ኮረት ላይ ከተንሸራተተ ያ ጉልበት የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት፤ ብዙ ጊዜም የሚያርፈው አጥንት ላይ ነው።

የሚወድቅ ሰው ሳያስብ እጁን ይዘረጋል። ስለዚህ የእጅ አንጓ ይሰበራል። በትከሻው ከወደቀ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው ቀጭን አጥንት ይሰበራል። ተሽከርካሪ ገጭቶት ከሆነ ጉዳቱ ወደ ቅልጥምና ወደ ጭን ይወርዳል። ሰው የማይጠረጥረው ጉዳትም አለ፦ የሳይክሉ መሪ ጫፍ ሆድን ሲወጋ ከውጭ ትንሽ ሰንበር ብቻ እየታየ ከውስጥ ጣፊያ ወይም ጉበት ሊቀደድ ይችላል። በተለይ ልጆች ላይ ይህ ይደርሳል። ከወደቀ በኋላ ሆዱን የሚያመው፣ የሚገረጣና የሚያልበው ልጅ ቤት ተኝቶ የሚታይ አይደለም፤ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚያተኩረው አጥንት ላይ ነው፤ ሰውን ከሥራው ለረጅም ጊዜ የሚያርቀው ብዙውን ጊዜ እሱ ነውና። መናገር የምፈልገውም አንድ ነገር ነው። ስብራት የደረሰበትን ሰው ሁለት ስህተቶች ይጎዱታል። አንደኛው አካሉን ከልክ በላይ ማሰርና ማስተኛት፣ ሁለተኛው ከልክ በላይ ማስቸኮል ነው። አጥንት በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ይድናል፤ መንገዱም በሚገባ የታወቀ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንጀምር። እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል ሁሉ በወላይታም ሰው ሲሰበር ወደ ወጌሻ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ክፍያውም ቀላል ነው። ሰው ወደ እሱ መሄዱ ሊያስነቅፈው አይገባም። አደጋው ያለው በማሰሪያው ጥብቀት ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያብጣል። የእጅና የእግር ጡንቻ ብዙ በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። ከውስጥ እብጠት፣ ከውጭ በጨርቅ የተጠመጠመ የቀርከሃ ስንጥር ሲጫነው በውስጡ ያለው ግፊት ከትናንሾቹ የደም ሥሮች ግፊት ይበልጣል፤ ደም መግባት ያቆማል። ስድስት ሰዓት ያህል ደም ያጣ ጡንቻና ነርቭ ዳግም ወደ ነበረበት ላይመለስ ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መበስበስ፣ ከመበስበስም በኋላ መቆረጥ ነው። በሳምንታት ሊድን የሚችል ቀላል የክንድ ስብራት የነበረበት ልጅ በማሰሪያ ምክንያት ክንዱን ሲያጣ ማየት በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ሐዘን ነው።

ይህ ጉዳት ሳይታወቅ አይመጣም። ሕመሙ ከታሰረ በኋላ በመቀነስ ፈንታ ይብሳል፤ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋለት ይጮኻል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይገረጣሉ ወይም ይጠቁራሉ። ሕመሙ መባሱ ከሁሉ በፊት የሚመጣ ምልክት ነው። «ታሽቷል፤ ማመሙ አይቀርም» ተብሎ ሌሊቱን ማሳደር አያስፈልግም። ማሰሪያው እዚያው ይፈታ፤ ሰውየው ወደ ሆስፒታል ይሂድ። በጀሶ የታሰረም ቢሆን ያው ነው፤ ጀሶም ሊጠብቅ ይችላል።

ወጌሾችን ማግለል መፍትሔ ይሆናል ብዬ አላምንም። በኢትዮጵያ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ሥልጠና በማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጡ እጆችንና እግሮችን ቁጥር እንደቀነሰ አሳይቷል። ሥልጠናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ማላላትን፣ ጣቶችን ማየትንና ለሐኪም ማስተላለፍን ማስተማር ነው።

ስብራቱ ቆዳን ቀዶ ከወጣ ግን ወጌሻ ዘንድ ጨርሶ መሄድ የለበትም። የቅልጥም አጥንት የፊት ገጽ ከቆዳ በቀር የሚሸፍነው ሥጋ የለም፤ ስለዚህ ሲሰበር በቀላሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የመንገድ አፈርም ይገባበታል። እንዲህ ያለ ቁስል በተቻለ ፍጥነት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የቲታነስ መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ከዚያም በቀዶ ሕክምና ክፍል በሚገባ ይታጠባል። አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሰውን ከሥራው ለዓመታት ሊያርቅ ይችላል።

አጥንቱ በትክክል ከተቀመጠ በኋላ ሰውነት የሚሠራው ሥራ ከሰውነታችን ድንቆች አንዱ ነው። ስብራቱ ላይ ደም ይረጋል። በቀናት ውስጥ ወደዚያ የሚጎርፉ ሕዋሳት የሞተውን ያጸዳሉ፤ ለጋ ሥጋና አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። በሁለትና በሦስት ሳምንት አካባቢ ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዝ ለምለም አጥንት ይሠራል፤ ለጆሯችን ቅርጽ ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚያ ካልሲየም እየገባበት፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠነክራል። በራጅ ላይ ስብራቱን የከበበ እብጠት ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። በመጨረሻም አጥንት የሚበሉና አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ እብጠቱን እየቀረጹ የቀድሞውን ቅርጽ ይመልሱታል። ቆዳ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ አጥንት ግን ራሱን መልሶ አጥንት ያደርጋል።

ሸክም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ስቴፋን ፔረን እያንዳንዱ የጥገና ደረጃ ምን ያህል እንቅስቃሴ እንደሚችል ለክቶ አስረድቷል። ለጋው ሥጋ የርዝመቱን ያህል ቢለጠጥም አይበጠስም፤ ለምለሙ አጥንት 10 በመቶ ያህል ይችላል፤ የጠነከረው አጥንት የሚችለው 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ትንሽ እንቅስቃሴ የጥገና ሕዋሳቱን ያነቃል። ብዙ እንቅስቃሴ ደግሞ አዲሱን ድልድይ ደጋግሞ ይበጥሰዋል፤ አጥንቱም ሳይገጥም ይቀራል። ከዚያ በፊት በ1892 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ አጥንት በሚሸከመው ጭነት ልክ ራሱን እንደሚያጠነክርና ጭነት ሲጎድልበት እንደሚሳሳ ጽፎ ነበር። ጡንቻማ ከአጥንትም ይቸኩላል። ጤናማ ወጣቶች አንድ እግራቸው በጀሶ ለሁለት ሳምንት ታስሮ በተለካበት ጥናት የጭናቸው ጡንቻ 8 በመቶ፣ ጉልበቱ ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ ቀንሷል። ሁለት ሳምንት ብቻ!

የጭን ስብራት ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል። ቀደም ሲል ጭኑ የተሰበረ ሰው እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት ለስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ አልጋ ላይ ይቆይ ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም ይቆያል። እሱ ብቻ አይደለም ሥራ የሚፈታው። አስታማሚ የምትሆነው ሚስት፣ እህት ወይም ልጅ ሥራዋን ወይም ትምህርቷን ትታ አብራ ትከርማለች። አጥንቱ መካከል ውስጥ የሚገባ የብረት ዘንግ ይህንን ለወጠው፤ በሽተኛው በቀናት ውስጥ በክራንች ይነሳል። ችግሩ የተለመደው ቀዶ ሕክምና በየደቂቃው ራጅ የሚያሳይ ውድ መሣሪያ መጠየቁ ነበር።

በቬትናም ጦርነት ወታደሮችን ያከመው አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሉዊስ ዘርክል በ1999 እ.ኤ.አ. በሪችላንድ፣ ዋሽንግተን «ሳይን» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። የነደፈው ዘንግ ቀጥታ ራጅ በሌለበት ክፍል ሊገባ ይችላል፤ ከውጭ የሚገጠም መለኪያ ክንድ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ለሐኪሙ ያመለክታል። ዘንጉ ለሆስፒታሎች በስጦታ ይላካል። ሐኪሞቹ በምላሹ የእያንዳንዱን ታካሚ ራጅ ወደ ድርጅቱ መዝገብ ይልካሉ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል በዚህ ዘንግ ከሚያክሙት አንዱ ነው፤ አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ዱዌን አንደርሰንም ለዓመታት እዚያ ሠርተዋል። ለከተማዋ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ መጥተው በኦቶና የጀመሩት ሕክምና አድጎ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ የመዳኛው መለኪያ ነው። በሳይን ዘንግ የሚያክሙ ሐኪሞች በክትትል ቀጠሮ ታካሚውን ቁጢጥ በል ይሉታል፤ ፎቶ ያነሱታል። ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ካለ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ አጥንቱ ይሸከማል፣ ሕመሙም ለቆታል ማለት ነው። እንሰት ለምትፍቅ እናት፣ ለሚያርም ገበሬ፣ ጉልት ለምትቸረችር ሴት፣ የጉድጓድ መጸዳጃ ለሚጠቀም ሁሉ ቁጢጥ ማለት ዋና የኑሮ መመዘኛ ነው። ይህ ፈተና ሕይወትን በትክክል ይለካል።

የዓለም ታላላቅ ብስክሌተኞችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊው ኮሎምቢያዊ ኤጋን በርናል በጥር 2022 እ.ኤ.አ. በልምምድ ላይ ሳለ ከቆመ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ የጀርባ አጥንቱን፣ ጭኑንና የጉልበቱን ሎሚ ሰበረ። ወደ ውድድር የተመለሰው በዚያው ዓመት ነሐሴ በዴንማርክ ነው፤ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ከጎኑ ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና የምግብ ባለሙያ ነበሩት። የሶዶ ተላላኪ ወይም መምህር ያን ሁሉ ባይኖረውም የሚሠራው እንቅስቃሴ ተመሳሳይ ነው፦ በጀሶ ውስጥም ጣቶችን ማንቀሳቀስ፣ የጭን ጡንቻን ማጥበቅና መልቀቅ፣ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን እግር ላይ መቆም፣ ከሁለት ክራንች ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ባዶ እጅ።

ምግቡም ይታሰብበት። ቆጮና ቡላ ኃይል ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን በጣም ዝቅተኛ ነው፤ አጥንት ደግሞ መጀመሪያ የሚዘረጋው መረብ የፕሮቲን ነው። ቦሎቄ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመንና በቆላው የሚበቅለው ሽፈራው አብረው ይቅረቡ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ዘግይቶ እንደሚገጥም ይወቅ።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሂሳብ ለየት ይላል። ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም አንድ ጎኑ የሚደክምበት ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ይየው። ቀላል መናወጥ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት ይበቃዋል፤ ከዚያ ማንበብም፣ መራመድም፣ ሥራም ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሳምንታት በጨለማ ክፍል መተኛት መዳኑን ያዘገየዋል። ሄልሜት ከባድ የራስ ጉዳትን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ሳይክል የሚገዛ ሰው ሄልሜቱን ከሳይክሉ ዋጋ ጋር አብሮ ይቁጠረው።

አሁን ወደ ሥራ። የእጅ አንጓው የተሰበረ መምህር ጀሶው ሳይፈታም ማስተማር ይችላል፤ ልብስ ሰፊ ግን ጀሶው ከተፈታ በኋላም ሳምንታት ይፈልጋል። ቅልጥሙ የተሰበረ የመደብር ሠራተኛ ተቀምጦ ሂሳብ መያዝ የሚችልበት ጊዜ ኩንታል የሚሸከም የጉልበት ሠራተኛ ወደ ሸክሙ ከሚመለስበት በወራት ይቀድማል። ስለዚህ «ዳነ ወይስ አልዳነም?» የሚለው ጥያቄ አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት ዛሬ ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። ቀለል ያለ ሥራ በልክ ሲሰጠው ከቤት ከመዋል ይልቅ ለአጥንቱም፣ ለጡንቻውም፣ ለመንፈሱም ይበጀዋል። መንገዱን ሲያይ የሚደነግጥ፣ አደጋውን በሕልሙ የሚያይ ሰውም ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ እሱም ሕክምና ያለው ጉዳት ነው።

ሕጉ ለዚህ የተወሰነ ጊዜ ሰጥቷል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ጉዳት ወይም ሕመም የሚቀር ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። አሠሪው ልኮት በመንገድ ላይ የተጎዳ ከሆነ ግን ጉዳቱ የሥራ ጉዳት ነው፤ ክፍያውም ከፍ ያለና እስከ አንድ ዓመት የሚዘልቅ ነው። የሐኪም ማስረጃው በጥንቃቄ ይያዝ።

ግማሽ ደመወዝ ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው ክራንቹን ጥሎ ወደ ከባድ ሥራ ይሮጣል፤ የገጠመ አጥንት የሚሰበረው፣ ዘንግ የሚጎብጠውም ያኔ ነው። ስለዚህ በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ላላችሁ አሠሪዎችና የቢሮ ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ፦ የተሰበረ ሠራተኛችሁ በስድስተኛው ሳምንት ሊጠይቃችሁ ሲመጣ «ሙሉ በሙሉ ሲሻልህ ና» ብላችሁ አትመልሱት። ወንበር፣ ግማሽ ቀንና የሚችለውን ሥራ ስጡት።