«ሥዕል እኮ ነው፤ ምን ይነበባል?»

ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው የልጆች ንባብ ክፍላችን ባለፈው ክረምት አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የኦሪጋሚ (የወረቀት ማጠፍ ጥበብ) መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዳ ተቀመጠች። እናቷ ቆሎ ሻጭ ናቸው። ልጅቷ ከአሮጌ ደብተር ገጽ የቆሎ መጠቅለያ ስትሠራ አይቻታለሁ፦ ጫፉን በአውራ ጣቷ ይዛ ታዞረዋለች፣ የታችኛውን ጥግ ወደ ላይ አጥፋ ትቆልፈዋለች፤ አንዲት ፍሬ አይወርድም። እንዲህ እጇ የተፍታታ ልጅ አራተኛው ሥዕል ላይ ስትደርስ ቆመች። ያንኑ መስመር ስታጥፍ ስትፈታ ወረቀቱ መሐሉ ላይ ተቀደደ። መጽሐፉን መልሳ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ መደርደሪያ ስትጠጋ አላየኋትም።

ይህች ልጅ የሚያሳያት ሰው ያስፈልጋታል ብል፣ አጠገቤ የነበሩት መምህር «ሥዕል እኮ ነው፤ ምን ይነበባል?» አሉኝ። ይህን አነጋገር ከወላጅም፣ ከመምህርም፣ መጽሐፍ በካርቶን ከሚለግሱ ሰዎችም እየሰማሁ ሰልችቶኛል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሥዕሉ ራሱ ይመራቸዋል ይባላል። አይመራም። የማጠፊያ ሥዕል እንደ ፊደል የሚቆጠር ነገር ነው፤ ያልተማረው ሰው አያነበውም።

ፊደሉን የቀረጸውም ሰው ይታወቃል። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺዛዋ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ እጥፋትን በተቆራረጡ መስመሮችና በቀስቶች አሳየ፤ ሌሎች ጥቂት አሻሽለውት ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1797 ጃፓን ውስጥ የታተመው የወፍ ማጠፊያ መጽሐፍ እንኳ ይበልጡን የወረቀቱን አቆራረጥና ያለቀለትን ሥራ ነበር የሚያሳየው። አጣጠፉን አንባቢው ከሰው እጅ እንደተማረ ቆጥሮ ያልፈዋል። የጃፓን ልጅም ቢሆን ከእናቷና ከመምህሯ አይታ ነው የምትጀምረው።

ልጆቻችን የሚሰናከሉበትን ቦታ በየቀኑ አየዋለሁ። ሰረዝ ሰረዝ ያለው መስመር ወደ ራስ ማጠፍ ነው፣ እጥፋቱ ሸለቆ ይሆናል። በሰረዞቹ መሐል ነጥብ ከገባ ወደ ኋላ ነው፣ ተራራ ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ ከነገሯቸው ይይዙታል። ሥር የሰደደው ችግር ሌላ ነው፦ ልጁ እፊቱ ያለውን ሥዕል አስመስሎ ሊሠራ ይሞክራል። ሥዕሉ ግን ወረቀቱ ከመታጠፉ በፊት ያለበትን ሁኔታ ነው የሚያሳየው፤ ቀስቱ ምን እንደሚደረግ ይናገራል፣ ውጤቱ የሚታየው ቀጥሎ ባለው ሥዕል ላይ ነው። ስለዚህ ዓይን ሁልጊዜ አንድ ሥዕል መቅደም አለበት። ልጅቷ አራተኛውን ሥዕል እያየች ስትታገል መልሱ አምስተኛው ላይ ነበር። የተጠቀለለ ቀስት ሲመጣ ደግሞ «ገልብጥ» ማለት ነው። ይህችን ምልክት የዘለለ ልጅ ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙ ይምታታበታል፣ ምንም ቢሠራ አይገጥምለትም።

ልጆቹ የማያጥፉት ባለቀለም ወረቀት ስለሌለን ነው የሚሉም አሉ። ባለካሬ የሒሳብ ደብተር ገጽ ይበቃል፤ መስመሮቹ ልክ መያዣ ይሆናሉ። የኤ4 ወረቀት ሲገኝ ደግሞ አጭሩን ጠርዝ ከረጅሙ ጋር በሰያፍ አጋጥሞ ትርፉን መቁረጥ ነው፤ በየጎኑ 21 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ይወጣል። መደበኛው የጃፓን ማጠፊያ ወረቀት እንኳ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ለእንቁጣጣሽ አበባና መላእክት ሥለው በየቤቱ የሚያዞሩ ልጆች፣ በክረምት ጎርፍ ላይ የወረቀት ጀልባ የሚለቁ ልጆች ባሉበት አገር ወረቀት ጠፋ አይባልም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የልጆች መጽሐፍ የምታሳትሙ፣ ምልክቶቹን በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ መግቢያው ላይ አስገቡ። የምትለግሱም ያንኑ ገጽ አባዝታችሁ ሽፋኑ ውስጥ ለጥፉበት። እኛ ክፍል ውስጥ የተለጠፈባቸው መጻሕፍት ጠርዛቸው ተበልቷል፣ ያልተለጠፈባቸው እንደ አዲስ ናቸው። ወላጆችና መምህራን ደግሞ ልጁ ሲሳሳት ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃችሁ አትጨርሱለት። ሌላ ወረቀት ያዙ፣ አጠገቡ ተቀመጡና እኩል እጠፉ፤ «ቀጥሎ ያለውን ሥዕል እየው» በሉት።