ጭስ የማያስወጣ የጭስ ማስወጫ
ስለ ወጥ ቤት ቬንትሌተርና አብሮት መሸጥ ስለሚገባው ቱቦ

በአገራችን የቤት አሠራር ልማድ ማድ ቤት ከመኖሪያው ተለይቶ በግቢው ጥግ ይሠራ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የእንጀራው እንፋሎት፣ የቁሌቱ ሽታና የማገዶው ጭስ በጣራው ክፍተትና በግድግዳው ስንጥቅ ይወጣ ስለ ነበር፣ የእልፍኙን መጋረጃ የሚያጠቁር ነገር አልነበረም። ለወጥ ሠሪዋ ግን ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ የዓይኗ መቅላት ይመሰክር ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን ፎቅ በፎቅ ላይ እየተደረበ፣ ማድ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር በአንድ በር የሚገናኝ ሆኗል። ስለዚህም በገበያው ቋንቋ «ሁድ» የሚባለው፣ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስና እንፋሎት የሚስበው የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ የባለጸጋ ቤት ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ተራ የንግድ ዕቃ ለመሆን በቅቷል። አስመጪው ያመጣዋል፤ ባለ ሱቁ ይሸጠዋል፤ ገዢውም ከግድግዳው ላይ ያሰቅለዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም ጭሱን ወደ ውጭ የሚያደርሰው ቱቦ ነው።

በዓለም ገበያ የሚቀርቡት እነዚህ መሣሪያዎች በሁለት ዓይነት መንገድ ይሠራሉ። አንደኛው የሳበውን አየር በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣል። ሁለተኛው በብረት ወንፊት ቅባቱን፣ በከሰል ማጣሪያ ደግሞ ሽታውን በከፊል አስቀርቶ፣ አየሩን እዚያው ክፍል ውስጥ መልሶ ይለቀዋል። ብዙዎቹ በሁለቱም መንገድ እንዲያገለግሉ ሆነው የተሠሩ ስለ ሆነ፣ ቱቦ ሳይገጠምላቸው ቢቀርም ሞተሩ ይጮኻል፤ መብራቱም ይበራል፤ ገዢውም ጭሱ የወጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ነው።

ማጣሪያው ከቶ ሊያስቀራቸው የማይችላቸው ነገሮች መኖራቸውን ነጋዴው ሊያውቅ ይገባል። የመጀመሪያው እንፋሎት ነው። ከምጣድና ከድስት የሚነሣው እንፋሎት በከሰል ማጣሪያ ውስጥ አልፎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ በቀዝቃዛው ግድግዳና በኮርኒሱ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋል፤ ውሎ አድሮም ቀለሙን ይልጣል፤ ሻጋታም ያበቅላል። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ሦስተኛውና የሚከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ነው። ይህ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ከሰል ሲነድና ጋዝ በሚገባ ሳይቃጠል ሲቀር ይወጣል፤ ሰውንም ሳይታወቀው አደንዝዞ ይገድላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት፣ በላምባና በመሳሰሉት ነዳጆች ምክንያት በቤት ውስጥ የሚበከለው አየር 3.2 ሚሊዮን ለሚያህሉ ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ሁድ፣ ቱቦ የተገጠመለትም ቢሆን፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድን ከአደጋ ነጻ አያደርገውም። ባለ ሱቁ ለገዢው ተቃራኒውን ቢነግረው ዕቃ ሸጠ አይባልም፤ የሰው ሕይወት በአደጋ ላይ ጣለ እንጂ።

አሁን ወደ ቱቦው እንመለስ። በካርቶኑ ላይ «በሰዓት ይህን ያህል ሜትር ኩብ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ቱቦ ሳይከለክለው የሚገኘው ኃይል ነው። ቱቦው በጠበበ፣ በረዘመና በታጠፈ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነው ይልቅ 2.25 እጥፍ የሚሰፋ አፍ አለው። ያንኑ ያህል አየር በጠባቡ ቱቦ ለማሳለፍ ቢሞከር፣ በእያንዳንዱ ሜትር የሚገጥመው ተቃውሞ ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ኃይለኛውን ሁድ በብዙ ገንዘብ ገዝቶ በጠባብ ቱቦ ማነቅ ገንዘብን በከንቱ ማባከን ነው፤ ትርፉም ጩኸት ብቻ ይሆናል። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር መሐንዲሶች ማኅበር 62.2 በተባለው ደንቡ፣ ከምድጃ በላይ የሚሰቀል ማስወጫ በደቂቃ ቢያንስ 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለት በሰዓት 170 ሜትር ኩብ ያህል አየር ወደ ውጭ እንዲያስወጣ ይጠይቃል። ይህ መጠን በተራ ሁድ ሊገኝ የሚችል ነው፤ ይሁን እንጂ የሚገኘው ቱቦው የፈቀደለት እንደ ሆነ ነው።

ቱቦው ከላሜራ የተሠራና ውስጡ ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል። እንደ አኮርዲዮን የሚሳበው ቀጭን ቱቦ ለመግጠም ቢቀልም፣ በሽንሽኑ ውስጥ ቅባት ያከማቻል፤ አየሩንም ያዘገያል። የፕላስቲክ ቱቦ ከምድጃ በላይ ሊገባ አይገባውም፤ የተከማቸ ቅባት እሳት ቢይዘው ቱቦው ራሱ ማገዶ ይሆናልና። በተለይ የምግብ ቤትና የሆቴል ባለቤቶች ቱቦው የሚከፈትበትና የሚጠረግበት በር እንዲኖረው ማድረግ ይገባቸዋል። ቱቦው በአግድም ሲሄድ ወደ ውጭ ጥቂት ማዘቅዘቅ አለበት፤ አለዚያ በሌሊቱ ብርድ ወደ ውሃነት የተለወጠው እንፋሎት ተመልሶ በምድጃው ላይ ይንጠባጠባል።

መውጫውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንድ ሠራተኞች ሥራ ለማሳጠር ሲሉ ቱቦውን በኮርኒሱና በጣራው መካከል ይተዉታል። ይህ ማለት ቅባቱንና እርጥበቱን ዓይን ከማያየው፣ የጣራው እንጨትና የመብራቱ ሽቦ ካለበት ስፍራ ማከማቸት ነው። በጎረቤት መስኮት ሥር መልቀቅም የአንዱን ቤት ጭስ ለሌላው ማስረከብ ስለ ሆነ፣ በአንድ ፎቅ የሚኖሩትን ሰዎች ያጣላል። ትክክለኛው መውጫ ከመስኮቶች ራቅ ብሎ ከውጭው ግድግዳ ወይም ከጣራው በላይ የሚከፈት፣ የክረምቱን ዝናብ የሚከለክል ክዳን ያለው፣ ነፋሱም ተመልሶ እንዳይገባ ቬንትሌተሩ ሲቆም በራሱ የሚዘጋ መከለያ የተደረገለት ነው።

ከዚህም በላይ፣ የሚወጣ አየር የሚተካ አየር እንደሚሻ መዘንጋት የለበትም። በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ቬንትሌተሩ ቢሠራ፣ የሚስበው አየር ስለማያገኝ ኃይሉ ይደክማል። አንድ መስኮት በጥቂቱ ገርበብ ማድረግ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

አስመጪዎች ደግሞ የአገራችንን ጠባይ ማሰብ አለባቸው። ዕቃው በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ የሚሠራ መሆኑ ከትእዛዙ በፊት ይረጋገጥ፤ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ለሚጠቀሙ አገሮች የተሠራው ሞተር ለእኛ መሥመር አልታሰበምና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ሞተር በሚገባ አይቀዘቅዝም፤ ለቆላና ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ የጋዝ ምድጃም ሳይስተካከል ቢሠራበት ጋዙ በሙሉ ላይቃጠል ይችላል። ስለዚህ በደጋ ከተማ ውስጥ ጭስን ወደ ውጭ ማስወጣት ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚያስፈልግ እንጂ የሚታለፍ አይደለም።

እንግዲህ ለነጋዴዎቻችን የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። አስመጪው ሁዱን ሲያዝዝ ተስማሚውን ቱቦ፣ የመውጫውን ክዳንና መከለያ፣ መለወጫ ማጣሪያውንም በዚያው ትእዛዝ ያካትት። ባለ ሱቁም ዋጋ ከመናገሩ በፊት ገዢውን ይጠይቅ፦ ወጥ ቤቱ ከውጭው ግድግዳ ጋር ይገናኛልን? ቱቦው ስንት ሜትር ይሄዳል? ስንት ጊዜስ ይታጠፋል? የሚነደው ኤሌክትሪክ ነው ወይስ ጋዝ? ቱቦ ማውጣት ከቶ የማይቻል ከሆነ፣ ዕቃው ቅባትንና ሽታን በከፊል ከማቅለል በቀር ሌላ እንደማይሠራ በግልጽ ይንገረው፤ መስኮቱንም መክፈት እንዳለበት ያስታውሰው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ የዕለቱን ሽያጭ ሊያዘገይ ይችላል። ነገር ግን ቱቦና ክዳኑ ራሳቸው የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው፤ የሚገጥማቸው የላሜራ ሠራተኛም እንጀራ ያገኝባቸዋል። ገዢውም ግድግዳው ሳይጠቁር፣ ቤተሰቡም በጤና ከከረመ፣ ለጎረቤቱ የሚጠቁመው ያንኑ ሱቅ ነው።